ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ማዘርቦርዳችሁ ሳታ 2 ነው ሳታ 3? ኤም ዶት ቱውስ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል?

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዳችሁን (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) እዩት። ይሄን ነገር ለሰው ደጋግሜ ስለምናገረው አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው፣ መጀመሪያ ሱቅ ሄዶ ወይ ውጭ ያለ ዘመዱን አስቸግሮ በሰከንድ 7000 ሜጋባይት ያነባል የተባለ ኤንቪኤምኢ (በጣም ፈጣኑ የኤስኤስዲ አይነት) ያስመጣል፣ ከዛ ኮምፒውተሩን ሲከፍተው መሰኪያው ጭራሽ የለም፣ ወይ አለ ግን ዲስኩን አያውቀውም፣ ወይ ያውቀዋል ግን የፍጥነቱን ግማሽ እንኳን አያወጣም። ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የመጣ እቃ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ቦርዳችሁ ምን እንደሚችል ካወቃችሁ ገንዘባችሁ ይተርፋል፣ አንዳንዴም ርካሹ ዲስክ ለናንተ ትክክለኛው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቁጥሮቹ ላይ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም ሻጭም ገዢም የሚምታታበት እዚ ጋር ነው። ሳታ ዲስክ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው፣ ሳታ 3 "6 ጊጋ ነው" ሲባል 6 ጊጋቢት በሰከንድ ማለት ነው፣ ጊጋባይት አይደለም። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 ስታካፍሉት 750 ሜጋባይት ይመጣል፣ ግን እሱም አይደለም፣ ሳታ እያንዳንዱን 8 ቢት በ10 ቢት ጠቅልሎ ነው የሚልከው ስለዚ ለ10 ነው የምታካፍሉት፣ 600 ሜጋባይት በሰከንድ። ከዛ ላይ የፕሮቶኮሉ ጣጣ ሲቀነስ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው 550 አካባቢ ነው፣ የሳታ ኤስኤስዲ ካርቶን ላይ ሁሌ 540፣ 550፣ 560 የሚል ቁጥር የምታዩት ለዛ ነው፣ ከዛ በላይ መሄጃ የለውም። በዚሁ ስሌት ሳታ 2 (3 ጊጋቢት) ጣሪያው 300 ነው፣ በተግባር 270 ምናምን፣ ሳታ 1 (1.5 ጊጋቢት) ደግሞ 150። ሳታ 1 በፈረንጆች 2003 አካባቢ ነው የመጣው፣ ሳታ 3 ደግሞ 2009 ላይ ነው የጸደቀው፣ ስለዚ ከ2009 በፊት የተሰራ ቦርድ ላይ ሳታ 3 አትፈልጉ።

ኤንቪኤምኢ ሌላ መንገድ ነው የሚጠቀመው፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስን፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበትን ማለት ነው። እዛ ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ጀነሬሽኑ (ትውልዱ) እና የሌኑ (ዳታው የሚተላለፍበት መስመር) ብዛት። አንድ ሌን በጀነሬሽን 2 ላይ 500 ሜጋባይት፣ በ3 ላይ 985 ገደማ፣ በ4 ላይ ወደ 1970፣ በ5 ላይ ወደ 3940 ያስተላልፋል፣ አብዛኛው ኤንቪኤምኢ 4 ሌን ስለሚወስድ በ4 አባዙት። ጀነሬሽን 3 ባለ 4 ሌን ወደ 3900 ጣሪያ አለው፣ ዲስኮቹ በተግባር 3500 ድረስ ይሄዳሉ፣ ጀነሬሽን 4 ደግሞ ወደ 7800 ጣሪያ አለው፣ ጥሩዎቹ ዲስኮች 7000 ይደርሳሉ። ጀነሬሽኖቹ እርስ በርስ ይግባባሉ፣ ጀነሬሽን 4 ዲስክ 3 ስሎት ላይ ይሰራል ግን በ3 ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ የከፈላችሁበት ትርፍ ፍጥነት እዛው ይቀራል።

ቦርዱ ምን እንዳለው እንዴት ይታወቃል

ቀላሉ መንገድ ኮምፒውተሩን ሳትፈቱ ነው። ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ክፈቱ፣ ቤዝቦርድ ፕሮዳክት የሚለው መስመር ላይ የማዘርቦርዱ ሞዴል አለ። ወይ ሲፒዩ ዚ የምትባለዋን ነጻ ፕሮግራም አውርዳችሁ ሜይንቦርድ የሚለውን ገጽ እዩ፣ እዛ ላይ ቺፕሴቱንም (የቦርዱን ፖርቶች የሚያስተዳድረውን ቺፕ) ይነግራችኋል፣ ዋናው ደግሞ ቺፕሴቱ ነው። ሞዴሉን ካገኛችሁ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ስፔሲፊኬሽን የሚለው ውስጥ ስቶሬጅ የሚለውን ክፍል ብቻ አንብቡ፣ ሌላውን ዝለሉት። እኔ ማኑዋሉን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም በትናንሽ ፊደል የተጻፉት "ይሄ ስሎት ሲያዝ ያኛው ፖርት ይጠፋል" የሚሉት ነገሮች ያሉት እዛ ነው፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን የተሰካው ዲስክ በስንት ፍጥነት እየሄደ እንደሆነ ለማየት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም የሚተካከለው የለም። ስትከፍቱት ትራንስፈር ሞድ የሚል ቦታ አለ፣ እዛ ላይ በቋሚ መስመር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። ግራው አሁን እየሄደበት ያለው ነው፣ ቀኙ ዲስኩ ራሱ የሚችለው። ለምሳሌ ግራው ሳታ/300 ቀኙ ሳታ/600 ከሆነ ዲስኩ ሳታ 3 ነው ግን የተሰካበት ፖርት ወይ ኬብሉ በሳታ 2 እያስኬደው ነው ማለት ነው። ሁለቱም 600 ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ። ኤንቪኤምኢ ከሆነ ደግሞ እዛው ቦታ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ባለ 4 ወይ 4.0 ባለ 4 ብሎ ይጽፋል፣ ግራው 3.0 ቀኙ 4.0 ከሆነ ስሎታችሁ ጀነሬሽን 3 ነው። እዚ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ አሁን ያላችሁ ዲስክ አሮጌ ከሆነ እና ራሱ ሳታ 2 ከሆነ ፖርቱ ሳታ 3 ቢሆንም 300 ነው የሚያሳያችሁ፣ ስለዚ ስለ ፖርቱ እርግጠኛ የምትሆኑት ቀኙ 600 ሆኖ ስታዩ ብቻ ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ የከርነሉን መልእክት ስታነቡ ሳታ ሊንክ አፕ ብሎ 6.0፣ 3.0 ወይ 1.5 ጊጋቢት ይላል፣ ያም ያው ነው።

ኬዙን ከከፈታችሁ ቦርዱ ላይ ከፖርቶቹ አጠገብ የታተመውን ጽሁፍ እዩ፣ ብዙ ቦርዶች ላይ ሳታ6ጂ ወይ ሳታ3ጂ ብለው ያትሙታል። እዚ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ሳታ3ጂ የሚለው 3 ጊጋቢት ነው ማለትም ሳታ 2፣ ሳታ3 ብሎ ያለ ጂ የተጻፈው ደግሞ አንዳንዴ የፖርቱ ተራ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሳታ0፣ ሳታ1፣ ሳታ2፣ ሳታ3 እያለ ይቆጥራል፣ ስለ ፍጥነቱ ምንም አይናገርም። ቀለም ላይም አትተማመኑ፣ ኢንቴል ራሱ በሰራቸው ቦርዶች ላይ ሰማያዊው ፈጣኑ ነበር፣ አሱስ ጋር ደግሞ በዛው ዘመን ግራጫው ፈጣን ሆኖ ሰማያዊው ቀርፋፋው የሆነባቸው አሉ። "ሰማያዊው ላይ ሰካው" የሚል ምክር ለአንዱ ቦርድ ልክ ነው ለሌላው ስህተት ነው።

ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ

እኛ ጋር በብዛት ያሉት ከቢሮ የወጡ ዴል፣ ኤችፒ እና ሌኖቮ ስለሆኑ እነሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጂ31 ወይ ጂ41 የሚል ቺፕሴት ካያችሁ፣ የኮር 2 ዱዎ ዘመን ማለት ነው፣ ሁሉም ፖርት ሳታ 2 ነው። ኤች61ም እንደዛው ነው፣ ሰከንድ ወይ ሰርድ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ይቀበላል ግን አንድም ሳታ 3 ፖርት የለውም፣ ይሄ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ቢ75 አንድ ሳታ 3 ብቻ አለው ሌሎቹ ሳታ 2 ናቸው፣ ኪው77 እና ዜድ77 ሁለት ሳታ 3 እና አራት ሳታ 2፣ ኤች81 ሁለት በሁለት፣ ቢ85 አራት ሳታ 3 እና ሁለት ሳታ 2። ከስድስተኛው ጀነሬሽን ኢንቴል ጀምሮ፣ 2015 ላይ ከወጡት ባለ 100 ቺፕሴቶች ወዲህ፣ የቺፕሴቱ ፖርቶች ሁሉም ሳታ 3 ናቸው ስለዚ ከዛ በኋላ ባሉት ላይ ስለ ሳታ አታስቡ። ኤኤምዲ ጋር ኤስቢ710 ሳታ 2 ነው፣ ኤስቢ850 ሳታ 3 ነው፣ ኤኤም4 ሶኬት ያላቸው ሁሉ ሳታ 3 ናቸው።

ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3010 እና 7010 ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ተመሳሳይ ፕሮሰሰርም ሊኖራቸው ይችላል፣ ግን 3010 ኤች61 ነው 7010 ደግሞ ኪው77። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ በተቀራረበ ዋጋ ከቀረቡላችሁ እኔ ያለ ማመንታት 7010 ነው የምላችሁ።

የ2011 መጀመሪያ ቦርዶች ላይ ደግሞ አንድ የሚታወቅ ነገር አለ። ኢንቴል በጃንዋሪ 31፣ 2011 ያወጣው መግለጫ ላይ የፒ67 እና ኤች67 የመጀመሪያ እትም (ቢ2) ቺፖች ሳታ 2 ፖርቶቻቸው በጊዜ ብዛት ሊዳከሙ እንደሚችሉ ተናግሮ የተስተካከለ እትም አወጣ፣ ቢ3 የሚባለውን። ሁለቱ ሳታ 3 ፖርቶች ችግሩ አልነበረባቸውም። የዛ ዘመን ቦርድ ካላችሁ እና እትሙ ቢ2 ከሆነ ዲስካችሁን እነዛ ሁለቱ ላይ ብቻ አድርጉት።

ሳታ 2 ብቻ ያለው ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች "እንግዲያው ኤስኤስዲ ምን ያደርግልኛል" ብላችሁ እንዳትተዉት። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ ምክንያቱም በዚ ምክንያት ስንት ሰው ሲንቀራፈፍ ይኖራል። ሃርድ ዲስክ የሚያዘገየው በትልቅ ፋይል ቅጂ አይደለም፣ በትናንሽ ፋይሎች ነው፣ ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ብራውዘር ሲከፈት፣ አንቲቫይረስ ሲሮጥ በሺ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው የሚነበቡት፣ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ለእያንዳንዱ መርፌውን አንቀሳቅሶ ሳህኑ እስኪዞር ይጠብቃል፣ አንዱ ጋር ለመድረስ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፣ እንደዚ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል። ኤስኤስዲ ግን ከ0.1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ወይ በዛ አካባቢ ይደርስና በዛው ስራ 20፣ 30 ሜጋባይት ያወጣል፣ ይሄ ደግሞ ከሳታ 2 ጣሪያ በጣም በታች ነው፣ ፖርቱ ምንም አያግደውም። ሳታ 2 የሚቀንስባችሁ ትልቅ ፊልም ስትገለብጡ ነው፣ በ550 ፋንታ በ270። ስለዚ ጂ41 ላይም ቢሆን ርካሽ ሳታ ኤስኤስዲ አስገቡ፣ ውድ ሞዴል አያስፈልገውም።

ሁለት አይነት ፖርት ካላችሁ አመዳደቡ ቀላል ነው። ኤስኤስዲው ሳታ 3 ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ ሳታ 2 ላይ። 7200 ዙር የሚሽከረከር ጥሩ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ራሱ 200 ምናምን ሜጋባይት ነው ከፍተኛው፣ ሳታ 2 ሙሉ በሙሉ ይበቃዋል፣ ዲቪዲውም እዛው ይግባ። አንዳንድ ቦርዶች ላይ ደግሞ ከቺፕሴቱ ውጭ ማርቬል ወይ ኤኤስሚዲያ በሚባል ትርፍ ቺፕ የሚሰሩ "6 ጊጋ" ፖርቶች አሉ፣ እነሱ በአንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሌን ነው የሚገናኙት፣ በጀነሬሽን 2 ቢሆን እንኳን 500 ነው ጣሪያው፣ በተግባር 400 አካባቢ ይቆማሉ። የኢንቴሉ ሳታ 3 ካለ ሁሌ እሱን ምረጡ።

ላፕቶፕ ላይ ዲቪዲውን አውጥታችሁ በካዲ (በዲቪዲው ቦታ ገብቶ ዲስክ በሚይዝ ፍሬም) ሁለተኛ ዲስክ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲውን ዋናው ቦታ ላይ፣ ሃርድ ዲስኩን ካዲው ላይ አድርጉ፣ በድሮ ላፕቶፖች ላይ የዲቪዲው መስመር ብዙ ጊዜ ቀርፋፋው ነው። ቲንክፓድ ቲ430 እና ኤክስ230 ላይ ያለችው ትንሿ ኤምሳታ (ትንሽ የሳታ ኤስኤስዲ የሚሰካባት) ስሎትም ሳታ 2 ናት፣ ዋናው የ2.5 ኢንች ቦታ ግን ሳታ 3 ነው።

ኤም ዶት ቱ፦ ቅርጹ አንድ፣ ውስጡ ሌላ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚ ላይ ነው። ኤም ዶት ቱ የቅርጽ ስም ነው እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። ያንን ማስቲካ የመሰለ ዲስክ ስታዩ ውስጡ ሳታ ሊሆን ይችላል፣ ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። ሳታ ከሆነ ከ2.5 ኢንቹ ምንም የፍጥነት ልዩነት የለውም፣ ያው 550 ነው። ስሎቱም እንደዛው ሶስት አይነት ነው፣ ሳታ ብቻ የሚቀበል፣ ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል፣ ሁለቱንም የሚቀበል፣ እና ሶስቱም በአይን ሲታዩ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።

ዲስኩን በእጃችሁ ስትይዙት ወርቃማው ጥርስ ላይ ያለውን ክፍተት ቁጠሩ። አንድ ክፍተት ብቻ ካለው፣ አምስት ጥርስ ብቻ የሚለይ ክፍተት፣ ኤም ኪ (ኪ የክፍተቱ አይነት መጠሪያ ነው) ነው፣ ብዙውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ። ሁለት ክፍተት ካለው፣ በግራም በቀኝም፣ ቢ እና ኤም ኪ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሳታ። ብዙውን ጊዜ ያልኩት ባለ 2 ሌን የሆኑ አንዳንድ ኤንቪኤምኢዎችም ሁለት ክፍተት ስላላቸው ነው፣ ስለዚ የመጨረሻ ማረጋገጫችሁ ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ስቲከር ይሁን፣ ሳታ ወይ ኤንቪኤምኢ ወይ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚል ቃል መኖር አለበት። ሻጩ "ኤም ዶት ቱ ነው ፈጣን ነው" ብቻ ካላችሁ ስቲከሩን አሳየኝ በሉት። ርዝመቱንም እዩ፣ 2280 ማለት 22 ሚሊሜትር ስፋት 80 ሚሊሜትር ርዝመት ነው፣ ላፕቶፓችሁ 2242 ብቻ የሚይዝ ከሆነ 2280 አይገባም።

ስሎቱ ላይ ደግሞ እነዚን ነገሮች አስተውሉ። የአራተኛው ጀነሬሽን ኢንቴል ማሻሻያ ላይ የመጡት ዜድ97 እና ኤች97 ቦርዶች ኤም ዶት ቱ አላቸው፣ ግን ብዙዎቹ ጀነሬሽን 2 ባለ 2 ሌን ናቸው፣ ማኑዋሉ 10 ጊጋቢት ይለዋል፣ በተግባር ከ1000 ሜጋባይት በታች ነው። ቲንክፓድ ቲ480 ላይ ኤንቪኤምኢ ይገባል ግን የዋናው ዲስክ ቦታ ሁለት ሌን ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚ 3500 የሚል ዲስክ ገዝታችሁ 1700 አካባቢ ስታዩ ዲስኩ ተጭበርብሮ አይደለም፣ ቲ480ኤስ ግን አራት ሌን አለው። እንዲህ አይነት ላፕቶፕ ያለው ሰው ርካሹን ጀነሬሽን 3 ዲስክ ቢገዛ በቂው ነው።

አዳዲሶቹ ላይ ፕሮሰሰሩም ይወስናል። ቢ550 ቦርድ ላይ የመጀመሪያው ኤም ዶት ቱ ጀነሬሽን 4 ነው ተብሎ ይሸጣል፣ ግን ራይዘን 5600ጂ አይነት ውስጡ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ካስገባችሁበት ጀነሬሽን 3 ይሆናል። ቢ560 ላይ ደግሞ ይብሳል፣ የአስረኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ካለው የመጀመሪያው ኤም ዶት ቱ ስሎት ጭራሽ አይሰራም፣ አስራ አንደኛ ጀነሬሽን ይፈልጋል፣ ዲስኩን ሁለተኛው ስሎት ላይ ማድረግ ነው። ኤች610 ላይ ያለው ኤም ዶት ቱ ጀነሬሽን 3 ነው፣ ቢ660 እና ቢ760 ላይ ጀነሬሽን 4 ታገኛላችሁ።

ቅድም እመጣበታለሁ ያልኩት የማኑዋሉ ትንሽ ፊደል ይሄ ነው፣ ብዙ ቦርዶች ላይ ኤም ዶት ቱ ስሎቱ ከአንድ ወይ ከሁለት ሳታ ፖርት ጋር መስመር ይጋራል። ሳታ ኤም ዶት ቱ ስታስገቡ ለምሳሌ አምስተኛው ሳታ ፖርት ይሞታል፣ ሰውየው "ሃርድ ዲስኬ ጠፋ ተቃጠለ" ብሎ ጥገና ቤት ይሄዳል፣ ዲስኩ ግን ደህና ነው፣ ኬብሉን ወደ ሌላ ፖርት መቀየር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ኤም ዶት ቱ የሌለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኤንቪኤምኢን በፒሲአይ ኤክስፕረስ አዳፕተር መሰካት ይቻላል፣ ባለ 4 ወይ ባለ 16 ስሎት ላይ። ዊንዶውስ 10 ያውቀዋል፣ ፋይል ማስቀመጫ ይሆናል። ግን ከሱ ላይ ማስነሳት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከዜድ97 ዘመን በፊት ያሉ አብዛኞቹ ባዮሶች (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ኤንቪኤምኢን ስለማያውቁት ባዮስ ሳይነካካ አይነሳም። ለኪው77 ወይ ኤች81 ባለቤት ያንን ድካም አልመክርም፣ ሳታ 3 ላይ ሳታ ኤስኤስዲ ሰክታችሁ ስራችሁን ስሩ፣ በቀን ተቀን ስራ ልዩነቱን አታዩትም። ከኤንቪኤምኢ በእውነት የሚጠቀመው ትልልቅ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ፣ ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ነው። እሱ ራሱ ጀነሬሽን 3 ስሎት ካለው ጥሩ ጀነሬሽን 3 ዲስክ ይግዛ፣ በቀረው ብር መጠኑን ከ500 ጊጋ ወደ 1 ቴራ ቢያሳድግ ይሻለዋል። ጀነሬሽን 4 የምትገዙት ስሎታችሁ 4 ከሆነ፣ ወይ ዋጋው ከ3 ጋር እኩል ከሆነ፣ ወይ በቅርቡ ቦርድ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ብቻ ነው።

ሳታ ኤስኤስዲ አስገብታችሁ ፍጥነቱ አነሰ ካላችሁ ዲስኩን ከመክሰሳችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንዱ ባዮስ ውስጥ ሳታ ሞድ የሚለው ነው፣ አይዲኢ (የድሮው አሰራር) ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ (ለሳታ የተሰራው) ይቀየር፣ ግን ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ነው የሚቀየረው፣ ከተጫነ በኋላ ዝም ብላችሁ ብትቀይሩት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ መጀመሪያ ሴፍ ሞድ ላይ እንዲነሳ አድርጋችሁ ነው መቀየር ያለባችሁ። ጂ41 አይነቶቹ ላይ ይሄ ምርጫ ብዙውን ጊዜ የለም፣ አትፈልጉት። ሌላው ኬብሉ ነው። የሳታ 2 ኬብል እና የሳታ 3 ኬብል ብሎ የሚለያይ ነገር የለም፣ ጤነኛ ኬብል ከሆነ የድሮውም 6 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ ግን የታጠፈ ወይ ጫፉ የላላ ከሆነ ስህተት ይበዛና ግንኙነቱ ራሱን ወደ 3 ከዛም ወደ 1.5 ዝቅ ያደርጋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ከታች ባለው ሰንጠረዥ ሲ7 የሚለውን መስመር እዩ፣ የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ ነው፣ በኬብሉ ሲተላለፍ የተበላሸውን ዳታ የሚቆጥር ማለት ነው። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ጻፉትና ከጥቂት ቀን በኋላ መልሳችሁ እዩት፣ ባለበት ከቆመ የድሮ ታሪክ ነው፣ እየጨመረ ከሄደ ኬብሉን ቀይሩ። ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም፣ ኬብሉን ከቀየራችሁ በኋላ መጨመሩን ካቆመ ግን ጥፋቱ የኬብሉ ነበር ማለት ነው።